ሚዛን ላይ የቆመ ብሪጅ

በሐረር ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ማኪና ግርግር ይባላል። ስሙን የሰጡት ግራና ቀኝ ተቀምጠው የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ የመኪናቸው ድምፅ መንገዱን ሞልቶት ይውላል። አንድ ሰፊ ስፌቱ ከላይ ሲሸበሸብበት ወይም ከሥር ክር እየቋጠረ ሲያስቸግረው፣ መኪናዬ ተበላሸ ብሎ አይነሣም። የላዩ ክርና የታቹ ክር እኩል አለመሳሳባቸውን ስለሚያውቅ ማጥበቂያዋን በጥቂቱ ያዞራል፣ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ይሞክራል፣ ደግሞ ያዞራል። ሁለቱ ክሮች ጨርቁ መካከል ላይ ሲገናኙ ስፌቱ ይስተካከላል። ዛሬ የምናገርለት የኤሌክትሪክ ጊታር ተንሳፋፊ ብሪጅ ከዚህ ብዙ የሚርቅ ነገር አይደለም። ክሱ ብዙ ነው፤ ቅኝት አይዝም ይባላል፣ ለእኛ ሙዚቃ አያስፈልግም ይባላል፣ የሚያስተካክለው ሰው የለም ይባላል። ከዚያ በኋላ ከሥሩ እንጨት ይወተፍበትና እጀታው ተነቅሎ ይቀመጣል። እኔ ግን ይህ ብሪጅ ሚዛን ነው እላለሁ። ሚዛን ሊከሰስ የሚገባው ከተስተካከለ በኋላ ሲዋሽ ብቻ ነው፤ በዚህ ብሪጅ ላይ የሚቀርበው አብዛኛው ክስ ግን ጨርሶ ባልተስተካከለ ሚዛን ላይ የቀረበ ነው። ለማስተካከል የሚያስፈልገው እጅም ሐረር ውስጥ አለ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በብዙ ጊታሮች ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ብሪጅ እንጨቱ ላይ የተቸከለ ነው፤ አይነቃነቅም። ተንሳፋፊው ግን የሚደገፈው ከፊት በኩል ብቻ ነው። ሁለት አጫጭር የብረት ምሰሶዎች አሉ፤ የብሪጁ ጠርዝ እንደ ቢላ ስለት ቀጥኖ እነርሱ ላይ ይቆማል፣ ከኋላው ምንም አይነካውም። ከብሪጁ ሥር ወፍራም የብረት ቁራጭ በጊታሩ ሆድ ውስጥ ይወርዳል፤ በዚያ ቁራጭ ታችኛ ጫፍ ላይ ሞላዎች ይታሰራሉ፤ የሞላዎቹ ሌላ ጫፍ ደግሞ በሁለት ረጃጅም ብሎኖች እንጨቱ ላይ በተያዘ ባለ ጥርስ ብረት ላይ ይንጠለጠላል። ብሪጁ ላይ የተሰካውን እጀታ ሲጫኑት ክሮቹ ይላላሉ፣ ድምፁ ይወርዳል፤ ወደ ላይ ሲስቡት ይጠብቃሉ፣ ድምፁ ይወጣል፤ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። የዚህ አሠራር አባት ካሊፎርኒያዊው ሊዮ ፌንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ስትራቶካስተር የተባለውን ጊታር የዚህን ዓይነት ብሪጅ ገጥሞ አወጣ፣ የፈጠራ መብቱንም በ1956 አገኘ። ስሙን ትሬሞሎ አለው፤ ስሙ ግን ስሕተት ነው። በሙዚቃ ቋንቋ ትሬሞሎ የድምፁ ጉልበት ከፍ ዝቅ ሲል ነው፤ የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ሲወዛወዝ ቪብራቶ ይባላል። ያው የፌንደር ፋብሪካ በማጉያዎቹ ላይ ደግሞ ትሬሞሎውን ቪብራቶ ብሎ ጻፈ፤ ሁለቱ ስሞች እስከ ዛሬ ተለዋውጠው ቀርተዋል። እኛም ተንሳፋፊ ብሪጅ ብለነው እንቀጥል።

ክርክሬ የቆመው በጉልበት ልክ ላይ ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ከ0.009 ኢንች የሚጀምረው ቀጭኑ የስድስት ክር ስብስብ፣ 648 ሚሊ ሜትር የክር ርዝመት ባለው ጊታር ላይ በመደበኛው ቅኝት ሲወጠር በድምሩ ወደ 38 ኪሎ በሚደርስ ጉልበት ይስባል። አንድ ደረጃ የሚወፍረው፣ ከ0.010 የሚጀምረው፣ ወደ 47 ኪሎ ይጠጋል። ይህን ሁሉ ጉልበት ከሌላው ወገን የሚመክቱት ሞላዎቹ ብቻ ናቸው። ክሮቹ ብሪጁን ወደ አንገቱ ይጎትቱታል፣ ሞላዎቹ ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ ብሪጁ የሚቆመው ሁለቱ በተካከሉበት ነጥብ ላይ ነው። ሞላዎቹ የሚስቡት ከስለቱ ርቆ ከታች ስለሆነ፣ ክሮቹ ደግሞ ለስለቱ ቀረብ ብለው ስለሚያልፉ፣ ጉልበቱ ኪሎ ለኪሎ እኩል መሆን የለበትም፤ በሚዛን ክንድ ላይ ድንጋዩን ወደ ጫፍ ባራቅነው መጠን ትንሹ ድንጋይ ትልቁን ዕቃ እንደሚያነሣ ማለት ነው። ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። በተቸከለ ብሪጅ ላይ አንዷን ክር ስናጠብቅ ሌሎቹ አምስቱ ከሞላ ጎደል ባሉበት ይቆያሉ። በተንሳፋፊው ላይ ግን አንዷ ስትጠብቅ ብሪጁ ጥቂት ወደ ፊት ያዘነብላል፣ አምስቱም ይላላሉ። ስለዚህ ይህን ያልተነገረው ሰው ስድስተኛዋን ቃኝቶ ወደ መጀመሪያዋ ሲመለስ ቅኝቷ ወርዶ ያገኛታል፤ ያጠብቃታል፣ ሌሎቹ ይወርዳሉ፤ ሲዞር ውሎ ጊታሩ አይረባም ይላል። ጊታሩ ግን የተጠየቀውን በትክክል እየመለሰ ነበር። አንዱ ሳህን ላይ ሲጨመርበት ሌላው የሚነሣው ሚዛን ሚዛን ስለሆነ ነው።

እንግዲህ አስተካካዩ መጀመሪያ የሚወስነው የክሩን ውፍረትና የቅኝቱን ከፍታ ነው። ይህ ሳይወሰን ካቻቢቴ መያዝ ድካም ብቻ ነው፤ ከ0.009 ወደ 0.010 ማለፍ ብቻውን የ9 ኪሎ ልዩነት መሆኑን አይተናል፣ በሌላ ክር የተስተካከለው ሁሉ ይፈርሳል። ቀጥሎ አንገቱ ይታያል፤ አንገቱ ጎብጦ ከሆነ በውስጡ ያለው ብረት አስቀድሞ ይስተካከላል፣ ምክንያቱም የአንገቱ ጉብጠት ሲለወጥ የክሩ ውጥረትም ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ዋናው ዘዴ ይመጣል፤ ብሪጁን እንዲቆም በምንፈልግበት ከፍታ ላይ ማቆም። በብሪጁ የታች ቁራጭና በጊታሩ እንጨት መካከል ልኩ የሆነ የእንጨት ቁራጭ ይገባል፣ ብሪጁም ወደ ፊት እንዳያዘነብል ይታገዳል። በኋላ በማነሣው በፍሎይድ ሮዝ ዓይነቱ ላይ የብሪጁ ገጽ ከጊታሩ ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆማል፤ በስትራቶካስተር ዓይነቱ ላይ የኋላ ጠርዙ ከእንጨቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ብሪጁ ታግዶ ሳለ ጊታሩ እንደ ተቸከለ ጊታር ይሆናል፤ ክሮቹ በእጅ እየተሳቡ እስኪደላደሉ ድረስ በደንብ ይቃኛሉ። ወፍራሞቹ አስቀድመው ቢቃኙ ይቀልላል፤ ትልቁን ሸክም መጀመሪያ መጫን ነው። አሁን በጀርባ በኩል ያሉት ሁለቱ ብሎኖች በሩብ ዙር በሩብ ዙር ይጠብቃሉ፣ ሁለቱም እኩል። ሞላዎቹ እየተሳቡ ሲሄዱ የታገደው እንጨት መላላት ይጀምራል፤ በራሱ ሊወድቅ ሲል ብሎኖቹ ይቆማሉ። እንጨቱ የሚወድቅባት ያቺ ቅጽበት ሁለቱ ጉልበቶች የተካከሉባት ናት። የቅኝት መለኪያውን፣ ቲዩነሩን፣ አስቀምጦ ማየት ነው፤ ቅኝቱ እንጨቱ ከመውጣቱ በፊት እንደነበረው ይገኛል፣ ቢቀር የአንድ ሩብ ዙር እርማት ነው። በመቃኛው ብቻ ሲሞከር ቀን የሚፈጀው ሥራ በዚህ ቅደም ተከተል ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። የክሮቹ ከፍታና በየፍሬቱ፣ ማለትም በአንገቱ ላይ በተተከለው በእያንዳንዱ ቀጭን ብረት፣ ላይ ያለው የድምፅ ልክ የሚታረመው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ምሰሶዎቹን ለማዞር ክሮቹ አስቀድመው መላላት አለባቸው። ያ ሁሉ ጉልበት ስለቱን ምሰሶው ላይ ተጭኖት ሳለ ማዞር፣ ቢላን በድንጋይ ላይ በአፉ እንደ መጎተት ነው።

ሚዛኑ ቆመ ማለት ግን ብሪጁ ሁልጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል ማለት አይደለም። መመለሱን የሚወስነው ሰበቃ ነው፤ ሞላው ስለሚታይ ይወቀሳል እንጂ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከላይ፣ ከአንገቱ ጫፍ፣ ነት ከሚሉት ባለ ጎድጓዳ ቁራጭ ዘንድ ነው። ይህን በጆሮ ማረጋገጥ ይቻላል። እጀታው እስከ ታች ተጭኖ ሲለቀቅ አንዷ ክር ከነበረችበት ከፍ ብላ ከተመለሰች፣ ስትላላ በነቱ በኩል ወደ መቃኛው አልፋ እዚያው ተይዛለች ማለት ነው። ወደ ላይ ተስቦ ሲለቀቅ ደግሞ ዝቅ ብላ ከተመለሰች፣ ወደ ብሪጁ ተስባ የወጣችው መመለስ አቅቷታል። ሁለቱም ምልክቶች የሚናገሩት ስለ አንድ ጎድጓዳ ነው። ሞላ መጨመር አይፈውሰውም። የእርሳስ ዱቄት ጎድጓዳው ውስጥ መቀባት፣ ጠባብ ከሆነ በጥንቃቄ ማስፋት፣ በመቃኛው ላይ የተጠመጠመውን ክር ማሳጠር ይፈውሰዋል፤ የደብተር እርሳስ ደግሞ በየሱቁ አለ። አሜሪካዊው ፍሎይድ ሮዝ ይህንን ችግር ከሥሩ ሊቆርጥ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ክሮቹ በነቱ ላይ የሚንሸራተቱ ከሆነ ጨርሶ እንዳይንሸራተቱ እዚያው ቆንጥጦ ማሰር ነው ብሎ አሰበ፣ በኋላም በብሪጁ በኩል አሰራቸው፤ የፈጠራ መብቱ በ1979 ተሰጠው። ለእኛ ትርጉም ያለው ነገር ሰውየው በዚያን ጊዜ የጌጣጌጥ ሠራተኛ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን መቆንጠጫ ከናስ ያወጣው በጌጥ መሥሪያ መሣሪያዎቹ ነው። በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ተንሳፋፊ ብሪጆች አንዱ የተወለደው ከፋብሪካ መሐንዲሶች ቢሮ አይደለም፤ ከጌጥ አንጥረኛ ጠረጴዛ ነው። ሐረር ደግሞ በብርና በወርቅ ሥራዋ ከጥንት የታወቀች ከተማ ናት። ቀጭን ሞረድ ይዞ የብር ጠርዝ የሚያሳምር ሰው የነት ጎድጓዳ ማለስለስ፣ የደነዘዘ የብሪጅ ስለት ማቃናት አያቅተውም፤ የሚጎድለው ሥራው ምን እንደሆነ የሚነግረው ሙዚቀኛ ነው።

ቅኝት አይዝም ለሚለው ክስ መልሴ እስካሁን ስለ አስተካከሉ ነበር። ከዚያም አልፌ እሄዳለሁ፤ በአንድ ነገር ተንሳፋፊው ከተቸከለው ይልቅ ቅኝት ይዛል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር። በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ የአየሩ ልዩነት ግን ሌላ አገር የገቡ ያህል ነው። በሐረር ብርድ የተቃኘ ጊታር ለሠርግ ቆላ ሲወርድ ምን ይሆናል? ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ቢጨምር 648 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ክር በ0.08 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ትንሽ ይመስላል። በተቸከለ ብሪጅ ላይ ግን ሁለቱም ጫፍ የታሰረ ስለሆነ ያ ትርፍ ርዝመት በሙሉ መላላት ይሆናል፤ ግማሽ ድምፅን ለ100 ብንከፍለው ቀጭኗ ክር 15 ያህሉን ትወርዳለች፣ ያልተጠቀለለችው ሦስተኛዋ ደግሞ የዚህን ሦስት እጥፍ ገደማ ትወርዳለች። በተንሳፋፊው ላይ ክሮቹ ሲረዝሙ ሞላዎቹ ብሪጁን ለዓይን በማይታይ ልክ ወደ ኋላ ይስቡታል። ሞላ ረጅምና ለስላሳ ስለሆነ በዚህች ታህል መንቀሳቀስ ጉልበቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የክሮቹም አጠቃላይ ውጥረት ይጠበቃል። ክሮቹ ለሙቀት እኩል ስለማይነኩ በመካከላቸው ጥቂት መዛነፍ ይቀራል፣ የእጅ ማረሚያ ይፈልጋል። ክረምት ገብቶም የአንገቱ እንጨት እርጥበት ሲጠጣና ሲጎብጥ፣ በጋ ሲመጣም ሲመለስ፣ ሞላዎቹ የሚያካክሱት በዚሁ መንገድ ነው። የሚወዛወዘው ብሪጅ የሚወዛወዘው ቅኝቱን ለመጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ክስ ከባድ ነው፣ ስለ ሙዚቃው ነውና። እጀታው የሮክ ተጫዋቾች ጩኸት ማውጫ ነው፤ ለእኛ ዜማ ምን ይሠራል ይባላል። እዚህ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ውስጥ ጆሮን ያሳደገው መሣሪያ ኡድ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ የተወለደው፣ በኦሮምኛም በሐረሪም የዘፈነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፈው አሊ ቢራ ኡድም ጊታርም ይጫወት ነበር። የኡድ አንገት ፍሬት የለውም፤ ጣት በክሩ ላይ ሲንከባለል ድምፁ ከዒላማው ከፍም ዝቅም ይላል። መሲንቆም እንዲሁ ነው። በሐረሪዎች ሃይማኖታዊ ዝማሬ በዚክሪ ላይ ከከረቡ ከበሮ ምት በላይ የሚወጣው የሰው ድምፅም አንድ ኖታ ላይ ሲቆም እንደ ችካል ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ በዙሪያው ይርገበገባል። የኤሌክትሪክ ጊታር ግን ፍሬት አለው፤ ተጫዋቹ ክሩን ወደ ጎን ገፍቶ ሲያርገበግበው ድምፁ የሚሄደው ወደ ላይ ብቻ ነው፣ ከተጫነበት ፍሬት በታች መውረድ አይችልም። ስለዚህ የጊታር መርገብገብ ሁልጊዜ ከዘፋኙ ድምፅ በላይ በላይ ይሄዳል፤ አንቺሆዬን ወይም ትዝታን ከዘፋኝ እኩል ሲያስከትል የሚሰማው እንግዳነት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። በሁለቱም በኩል እንዲሄድ የሚፈቅድለት ተንሳፋፊው ብሪጅ ነው፤ ከኋላው አየር ስላለ ወደ ላይም ወደ ታችም ክፍት ነው።

ይህ ግምት ብቻ ነው ለሚለኝ ማስረጃው በየመድረኩ አለ። ኪቦርድ ተጫዋቾቻችን በቀኝ እጃቸው ዜማውን ሲጫወቱ ግራ እጃቸው የት ነው? ድምፁን ከፍ ዝቅ በምታደርገው መዘውር ላይ ነው። እርሷም በመካከል የምትቆም፣ ሲለቋት በሞላ ወደ መካከል የምትመለስ ናት፤ አሠራሯ የተንሳፋፊው ብሪጅ ታናሽ እኅት ያደርጋታል። የመሲንቆን ልቅሶና የዘፋኝን ጉሮሮ ከኪቦርድ የሚያወጡት በእርሷ ነው። መዘውሯን በእንጨት የወተፈ ኪቦርዲስት የለም። ሙዚቃችን ይህን መንሸራተት የማይፈልግ ቢሆን ኖሮ ግራ እጃቸው ሥራ ፈትቶ ይውል ነበር። ለጊታረኛው ሲሆን አያስፈልግም የምንለው፣ ስላላስተካከልንለት ይመስለኛል። አንድ ልዩነት አለ፤ እጀታው ስድስቱንም ክሮች በአንድ ጊዜ ስለሚያንቀሳቅስና እያንዳንዷን በተለያየ መጠን ስለሚለውጣት፣ አኮርድ ላይ ሲበዛ ያዛንፋል። በነጠላ ዜማ ላይ፣ በትንሹ፣ የመዳፍ ክብደት ብቻ ሲያርፍበት ነው ውበቱ።

እውነት ያላቸው ተቃውሞዎችም አሉ፣ አልሸሻቸውም። ክር ሲበጠስ ተንሳፋፊው ሙሉ በሙሉ ይዛነፋል፤ ከሚዛኑ አንድ ድንጋይ ሲነሣ ሞላው ያሸንፍና አምስቱም ከፍ ይላሉ። መቀየሪያ ጊታር የሌለው የሠርግ ተጫዋች በሙሽሮቹ መግቢያ ላይ ይህ ቢደርስበት መድረኩ ላይ መውጫ የለውም። ክር ወደ ጎን ሲገፋም ሌሎቹ ይወርዳሉና፣ አንዷን ገፍቶ ሌላዋን አብሮ ማሰማት ልማዱ የሆነ ሰው ይቸገራል። በዘፈኖች መካከል ወፍራሟን ክር ዝቅ አድርጎ የሚቃኝም እንዲሁ። ለእነዚህ የመሃል መንገድ አለ፤ ሞላዎቹን ትንሽ አጥብቆ የብሪጁን ኋላ እንጨቱ ላይ ማሳረፍ። ያኔ እጀታው ወደ ታች ብቻ ይሄዳል፣ ግን ክር ቢበጠስ ብሪጁ እንጨቱ ላይ ስላረፈ ሌሎቹ አይናጉም። አንድ ጊታር ብቻ ላለው የመድረክ ሰው እኔም የምመርጥለት ይህንን ነው፣ ከላይ ያለውን ግማሽ ቢያጣም። በርካሽ ብረት የተሠራ ብሪጅ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ስለቱና ምሰሶው ለስላሳ ከሆኑ ይበላሉ፤ የተበላ ስለት በእያንዳንዱ መመለስ ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል፣ ምንም ያህል ቢስተካከል አይጸናም። እንዲህ ያለውን በእንጨት ወትፎ እንደ ተቸከለ ብሪጅ መጠቀም ትክክል ነው፤ እኔ የምቃወመው ደኅናውን አብሮ መወተፍን ነው። ደኅናውን ከተበላው የሚለየው ደግሞ ቀላል ፍተሻ ነው፤ ክሮቹን አላልቶ ስለቱን በብርሃን ፊት ማየት፣ በጥፍር መዳሰስ። ጥፍር የሚይዝበት ጉድጓድ ካለ አልቋል።

የሚያስተካክል የለም የሚለው ይቀራል። የሚያስፈልገው መሣሪያ ካቻቢቴ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ፣ በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያ፣ ስልክ ላይ የሚጫን ቲዩነር፣ እርሳስና የተሞረደ የእንጨት ቁራጭ ነው። ሥራውን የሚያከብደው መሣሪያ ማጣት አይደለም፤ የተሠራው አለመመዝገቡ ነው። አንዱ ያስተካክላል፣ ሌላው በሌላ ውፍረት ክር ይለውጣል፣ ሦስተኛው ሁለት ሞላ ይጨምራል፣ ማንም ምን እንደነበረ አያውቅም። በጊታሩ ጀርባ ያለው የሞላዎቹ ክዳን በብሎን የሚከፈት ነው፤ ከክዳኑ ውስጥ በኩል አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትለጠፍበት። የክሩ ውፍረት፣ የሞላዎቹ ብዛት፣ የቅኝቱ ከፍታ፣ የብሪጁ የኋላ ጠርዝ ከእንጨቱ ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር፣ ያገደው እንጨት ውፍረት፣ የተስተካከለበት ቀን ይጻፉባት። ለእገዳ ያገለገለውም ቁራጭ እንጨት አይጣል፣ ከጊታሩ ጋር በቦርሳው ውስጥ ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ክር ሲቀየር መጀመሪያ የሚፈለገው እርሱ ነው።